በሬ ያስያዙት ቁማርተኞች

ሰው ሁሉ የሚንቀው አያጣም። እኔ የምንቀው የቁማር ተቆጣጣሪ ነው። ቁማርተኛውን ማለቴ አይደለም፤ ቁማርተኛ ቢከፋ የራሱን ቤት ነው የሚያፈርሰው። ተቆጣጣሪውን ነው። ምን አድርጎሽ ነው ትሉኝ ይሆናል። ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ነው፤ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ውስጥ በየሱቁ በር ዘበኛ ቆሞ ቦርሳ የሚፈትሽበት፣ አውቶቡስ ስንሳፈር ፈንጂ ይኖራል ብለን የሰው ቦርሳ የምናይበት ጊዜ። ባሌ ጥሎኝ ሄዷል፤ ልጆቼን ብቻዬን ነው የማሳድገው። ከከተማው መሀል፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። ጤፍ፣ በርበሬ፣ ኮረሪማ፣ የሀበሻ ቀሚስ፣ የዘፈን ካሴት እሸጣለሁ። ፈሪ ነበርኩ። ከሚስራድ፣ ማለትም ከመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ፖስታ ሲመጣልኝ ሳልከፍተው ሁለት ቀን መሳቢያ ውስጥ አቆየዋለሁ። ቢሮ ስገባ ወንበር ካልሰጡኝ አልቀመጥም፤ ከሰጡኝም ጫፉ ላይ ነው።

ከሱቁ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች። እዚያች ውስጥ ሽማግሌዎች ይውላሉ። ከላይ ካሉት ሰፈሮች፣ ከጊቫት ሃሞሬም፣ ከአፉላ ኢሊትም በአውቶቡስ እየወረዱ ጠዋት ይመጣሉ። ቤት ቢውሉ ልጆቻቸው ሥራ ላይ፣ የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት፤ ቴሌቪዥኑም የሚለው አይገባቸውም። እኔ ዘንድ ገበጣ ይጫወታሉ። ገበጣውን ከሳንቃ የጠረቡት አባ ብሩ ናቸው፤ ጠጠሩንም ሕንጻ ከሚሠራበት ቦታ ለቅመው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ጮሌ ሽማግሌ፣ አፋቸው የማያርፍ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ጋ ነው። እነዚህ ሰዎች ገንዘብ አያስይዙም። የሚያስይዙት አገር ቤት፣ ኢትዮጵያ፣ ጥለውት የመጡትን ከብት ነው። አንዱ ወይፈን ያስይዛል፤ ሌላው የገብስ ማሳውን። የተሸነፈ ሰው ከዚያች ሰዓት ጀምሮ «በሬዬ» ብሎ አይጠራም፤ «የእገሌ በሬ» ነው የሚለው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ያሸነፈው ሰው «ማሳዬ ጠጣች» ይላል። ጨዋታ እኮ ነው ብዬ አንድ ቀን ብናገር ሁሉም ኩርፍ አሉኝ። ሁለተኛ አልደገምኩትም።

በዚያን ሰሞን አባ ብሩ የአባ መርሻን አራት በሬዎች ጠቅልለው ወስደዋል። አባ መርሻ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ጭምት፣ ከአፋቸው ቃል በመከራ የሚወጣ ሰው ናቸው። በሬዎቹንና በመሬት ለአራሹ ጊዜ የደረሰቻቸውን የወንዝ ዳር እርሻ ተበልተው፣ ለመጨረሻ ጊዜ ላሟን አስይዘው እየተጫወቱ ሳለ ነው ጉዱ የመጣው።

ከኔ ሱቅ ዞር ብሎ ደግሞ መስኮቱ በጥቁር ቀለም የተቀባ፣ «ኢንተርኔት» የሚል ጽሑፍ የተለጠፈበት ቤት ነበር። ኢንተርኔቱን ያየ ሰው የለም። ውስጡ ገንዘብ የሚበላ ማሽን ነው የተደረደረ። የኛ ልጆች የወታደር ደመወዛቸውን ይዘው ይገቡና አንገታቸውን ደፍተው ይወጣሉ። ተቆጣጣሪ ሊመጣ ሲል ማን እንደሚነግራቸው እንጃ፣ መብራት ይጠፋል፣ በር ይቆለፋል። ተቆጣጣሪው መጥቶ በሩን በጣቱ ገፋ አድርጎ «ዝግ ነው» ብሎ ይመለሳል። በዓይኔ አይቻለሁ። የዚህ ቤት ባለቤት ሱቄን ጠቅልሎ ቤቱን ማስፋት ይፈልግ ነበር። አከራዬን አነጋግሮታል፤ እኔንም ሁለት ጊዜ «ልቀቂልኝ» ብሎኛል። ማን እንደጠቆመብኝ ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፣ ረፋድ ላይ። አንድ ወፍራም ሰውዬ፣ የፀሐይ መነጽሩን ግንባሩ ላይ የሰቀለ፣ ማዶ ካለው የመንግሥት ሎተሪ መሸጫ ፊት ቆሞ የሚፋቀውን ካርድ ሲፍቅ አየሁት። ፋቀ፣ አየው፣ ቀደደው። ከዚያ መንገዱን ተሻግሮ ሱቄ ገባ። ከኋላው አንዲት ፖሊስ ተከትላለች፤ የኛው ልጅ ናት፣ እዚሁ አገር ተወልዳ ያደገች፣ ሺራ የምትባል።

«የቁማር ቁጥጥር ነን» አለ በዕብራይስጥ። መታወቂያውን አሳይቶኝ ሳላነበው ኪሱ ከተተው። ጥፍሩ ሥር የሎተሪው ብርማ ቅራፊ ገና አለ።

«ጌታዬ፣ ተሳስታችኋል፤ ቁማሩ ያለው ወዲያ ዞር ብሎ ነው።»

«እሱን አይተነዋል። ዝግ ነው።»

መልሴን ሳይጠብቅ የጓዳውን መጋረጃ ገለጠ። ሽማግሌዎቹ ቀና አሉ። አባ ብሩ ጠጠር እየዘሩ ነበርና እጃቸውን አላቆሙም። ሰውዬው ገበጣውን አጎንብሶ አየው፤ ዙሪያውን ዞረ፤ ፎቶ አነሳው። ፈንጂ ያገኘ ነው የሚመስለው!

«ምን እያስያዙ ነው የሚጫወቱት?» አለኝ።

«ምንም! ሽማግሌዎች ናቸው። ጊዜ ነው የሚያሳልፉት።»

«አንቺን አላምንም» አለኝና፣ «እነሱን ጠይቂልኝ» አላት ሺራን።

ሺራ አማርኛዋ የሕፃን አማርኛ ነው። ፈራ ተባ እያለች ወደ አባ ብሩ ዞረች። «አባባ፣ እሱ ይጠይቃል። አንተ ስትጫወት ምን ታስይዛለህ? ገንዘብ?»

አባ ብሩ ጠጠራቸውን ጣሉ። «አንተ አለችኝ! ሰማችሁ? የልጅ ልጄ የምታክል!» አሉ። ከዚያ ደረታቸውን ነፉ። «ገንዘብ? ገንዘብማ የወሮበላ ነው። እኛ በሬ ነው የምናስይዝ። ይኸውልሽ፣ ከዚህ ከመርሻ አራት በሬ ከነቀንበሩ፣ እርሻም ከነወንዙ በልቼያለሁ። በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየ! ላሟም ዛሬ አትቀርለትም።»

ወይኔ! ሺራን በዓይኔ ለመንኳት። ልጅቱ ግን ግዴታዋን የምትወጣ ልጅ ናትና ቃል በቃል ነገረችው። ሰውዬው መጻፉን ትቶ ቀና አለ።

«አራት በሬ?»

«ከእርሻ ጋር» አለች ሺራ።

«የተሸነፈውን ጠይቂው።»

አባ መርሻ ሳይጠየቁ ተነሡ። ኮፍያቸውን አወለቁ። «እውነት ነው፣ ተበልቼያለሁ። አልክድም» አሉ።

አያችሁ፣ የኛ ሽማግሌ እንዲህ ነው። በመንግሥት ሰው ፊት የተበላውን ከካደማ ምኑን ሰው ሆነ! ሌላ አገር ያለ ሰው ፖሊስ ሲያይ ጠጠሩን በኪሱ ይደብቃል፤ የኔዎቹ ምስክር እየቆጠሩ ቀረቡ። አባ ካሳ የሚባሉ አንድ ዳር ተቀምጠው የነበሩ ሽማግሌ ሳይቀሩ «እኔም አይቻለሁ፤ ኦሪትን!» ብለው ማሉ።

እና ያ ደንቆሮ ምን ቢጠይቅ ጥሩ ነው? «በሬዎቹ አሁን የት ናቸው?» ጎንደር አሉት። ወጥቶ ለአለቃው ስልክ ደወለ። «አዎ፣ በሬ። አይ፣ እዚህ አይደሉም። አይ፣ አልቀልድም» ሲል እሰማዋለሁ። ተመልሶ ሲመጣ አንድ በሬ በሰቅል፣ በዚህ አገር ገንዘብ፣ ስንት እንደሚያወጣ ጠየቀኝ! እኔን! በርበሬ ሻጯን!

ገበጣውን በላስቲክ ከረጢት ከተተው፤ ጠጠሩን ለብቻው አሸገ። ከዚያ ወረቀት ሰጠኝ። ሐሙስ ሽሙዓ፣ ቃል መስጫ ቀጠሮ፣ አለብሽ አለኝ፤ ቀርበሽ ካላስረዳሽ ሱቁ ለአንድ ወር ይታሸጋል ማለት ነው። ለሱ አንድ ወር ምንም አይደለም። የኔ የኪራይ ውል ግን ሱቁ በመንግሥት ከታሸገ ፈረሰ ይላል። አከራዬ ይህችን ቀን በጉጉት ነው የሚጠብቃት። ሱቋ ከሄደች የልጆቼ እንጀራ ሄደ፤ በቃ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሱቁን ዘግቼ ጊቫት ሃሞሬ ወጣሁ፣ አባ መርሻ ቤት። ሻይ ሊያፈሉልኝ ተነሡ፤ አስቀመጥኳቸው።

«አባ መርሻ፣ ሐሙስ ሲጠይቁዎት ‘ቀልድ ነው፣ በሬ የሚባል የለም’ ይበሉልኝ። አንዲት ቃል ናት።»

«የለም ልበል?»

«አዎ።»

«ዳልቻ የለም ልበል?» አሉ። ዳልቻ አንደኛው በሬያቸው ነው።

«ኧረ አባ መርሻ! ዛሬማ በሕይወት ያለ ይመስልዎታል? አጥንቱም የለ!»

ቀና ብለው አዩኝ። ባልኩት ነገር ደንግጬ ይቅርታ ልጠይቅ ስል ጀመሩ። «የወጣን ዕለት ለጎረቤቴ ገበያ ደርሼ እመጣለሁ ብዬ ነው የወጣሁ። እውነቱን ብናገር ወሬው ይወጣና መንገድ ላይ ይዘርፉናል። በጠዋት ለበሬዎቹ ድርቆሽ ሰጠኋቸው። ዳልቻ እጄን ላሰኝ። በሩን ገርበብ አድርጌ ወጣሁ። አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን፣ ከዚያ እዚህ። እነሱ እኮ እስከ ዛሬ ገበያ ያለሁ ነው የሚመስላቸው።» ዓይናቸውን ጠረጉ። «ብሩ ሲበላኝ ደስ አለኝ፣ ልጄ። ጌታ አገኙ አልኩ። ብሩ ከብት ያውቃል።»

እኔ ግን ልጆቼ ታዩኝ፤ ጨከንኩ። «አባ መርሻ፣ ሱቄን እያጣሁ ነው! ይገባዎታል?» ብዬ ጮኽኩ።

«ይገባኛል። ላንቺ ብዬ ብዙ አደርጋለሁ። ግን በዳኛ ፊት ሐሰት? ደሞ በሬዎቹ የኔ አይደሉም። የሰው ንብረት የለም ማለት ሌብነት ነው።»

እያለቀስኩም እየተራገምኩም ቁልቁል ወረድኩ። ረቡዕ ቀኑን ሙሉ የሸጥኩትን አላውቀውም፤ አንዷን ደንበኛዬን በርበሬ ጠይቃኝ ኮረሪማ ሰጥቻታለሁ።

ሐሙስ ሦስታችን ቁጥጥር ቢሮው ቀረብን፤ እኔ፣ አባ ብሩና አባ መርሻ። ሁለቱም የበዓል ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። ክፍሉ ቀዝቃዛ፣ ማቀዝቀዣው የሚጮህ። ቃላችንን የሚሰማው ሰብሳቢ ቀጭን ሰው ነው፣ ሸሚዙ የተተኮሰ፤ ብስኩቱን በልቶ እስኪጨርስ አቁሞ አቆየን። ሽማግሌዎችን! ጠረጴዛው ላይ ገበጣው በላስቲክ ታሽጎ ተቀምጧል። ወፍራሙ ተቆጣጣሪ ከጎኑ፣ ሺራ ለማስተርጎም ጥግ ላይ።

ተቆጣጣሪው የጻፈውን አነበበ። «አራት የእርሻ በሬዎች፣ ዋጋቸው በመጣራት ላይ ያለ» ብሎ ሲያነብ አንድም አልሳቀም። እኔ የምላችሁ፣ ቢስቁ እኮ ይቅር እላቸው ነበር። ሰው ናቸው እል ነበር።

«ጨዋታው በዕድል ነው ወይስ በችሎታ?» አለ ሰብሳቢው።

ሺራ አስተረጎመች። አባ ብሩ ሊፈነዱ ደረሱ። «ዕድል! እኔ ነኝ በዕድል የምጫወት? እርሱ ራሱ ይምጣና ይቀመጥ!» እጃቸውን ያዝኩ። ሰብሳቢው በችሎታም ቢሆን የሚያዝ ነገር ካለበት ያው ነው አለ። ታዲያ ለምን ጠየቀ? እንጃ። ጥያቄው ወረቀቱ ላይ ስለነበረ ይመስለኛል።

ከዚያ ብዕሩን አስቀምጦ፣ ትልቅ ውለታ እንደሚውል ሰው ተደገፈ። «እኔ ሰው መጉዳት አልፈልግም» አለ። «ሁለት መንገድ አለ። ወይ ሳባ» ይህ ለነሱ አያት ማለት ነው፣ በጣቱ አባ መርሻን እያሳየ፣ «ወይ ሳባ በሬ የሚባል ነገር ኖሮኝ አያውቅም ብሎ ይፈርም፤ ወይ ያሸነፈው የወሰደውን ሁሉ እዚሁ ፊቴ ይመልስ። ካልሆነ ሱቁን አሽጋለሁ።»

ሁለተኛውን ለይስሙላ ነው ያለው። በሬ ቢሮ ውስጥ እንደማይመለስ እሱም ያውቃል።

ወረቀቱን ወደ አባ መርሻ ገፋው። አባ መርሻ ወረቀቱን አዩት። እኔን አዩኝ። እጃቸው ወደ ብዕሩ ሲሄድ አየሁ፤ ለኔ ብለው ነው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፊታቸውን ሳይ ግን አልሆነልኝም። ሞተው ሊፈርሙ ነው። «ይተዉት!» ያልኩት እኔ ነኝ። ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። «ይተዉት፣ አባ መርሻ! ያሽጉት!»

ሰብሳቢው «ምን ትላለች?» አለ። ሺራ ስትነግረው ትከሻውን ሰበቀና የማሸጊያውን ወረቀት መፈለግ ጀመረ።

ያኔ ነው አባ ብሩ የተነሡት።

«ቆይ» አሉ። «እመልሳለሁ።»

ጋቢያቸውን እንደ ሽምግልና ቀን አጣፉት። ወደ አባ መርሻ ዞሩ፣ ለሰብሳቢው ጀርባቸውን ሰጥተው። አፈኛው አባ ብሩ ድምፃቸው ለሰለሰ።

«መርሻ፣ ና ተቀበለኝ። ዳልቻ። በቀኝ ካልተጠመደ የማይጎትተው፣ እጅ የሚልሰው። ይኸው። ተቀበል።»

አባ መርሻ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ተቀበልኩ» አሉ።

«ቦራ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት፣ ጅብ ነክሶት እግሩን የሚያነክሰው። ይኸው።»

«ተቀበልኩ።»

«ወይኖ። አንተ ካልዘፈንክለት ቀንበር የማይቀበለው። ይኸው። ሻሾ። ትንሹ፣ ገና ያልተገራው፣ የወይኖ ወንድም። ይኸው። ከነቀንበራቸው። እርሻህም ከነወንዟ።»

«ተቀበልኩ። ተቀበልኩ» አሉ አባ መርሻ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ይወርዳል። አባ ብሩ የእያንዳንዱን ጠባይ ከራሳቸው ከአባ መርሻ ነው የሰሙት፤ በጨዋታ መሀል፣ በየቀኑ። አንዱንም አልረሱ።

«ምን እያሉ ነው?» አለ ሰብሳቢው። ሺራ ኮፍያዋን በእጇ ይዛ ግድግዳውን ታያለች። «እያነጋገርኩሽ ነው!» ሲላት በዕብራይስጥ፣ «መለሰላቸው» አለች፤ ሌላ አልጨመረችም።

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

ሰዓቱን አየ። ማኅተሙን አንሥቶ ጧ! አደረገ። «ቤሴደር» አለ፤ እሺ ማለት ነው። «ዳግመኛ እንዳይለመድ።»

እንግዲህ እናንተዬ፣ ይኸው ነው። አገሩን ሁሉ በሎተሪ ማስታወቂያ ያለበሰ መንግሥት፣ ጥፍሩ ሥር የሎተሪ ቅራፊ ያለበትን ሰው ልኮ ሁለት ሽማግሌ በሕልም በሬ ሲጫወቱ ያዘ። ጥቁሩ መስኮት ዛሬ የስልክ ሱቅ ነው፤ ማሽኖቹ ግን ለዓመታት ሲበሉ ኖረዋል፤ «ዝግ ነው» እየተባለላቸው። ቁማርን የሚጠሉ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ የሚጠሉት ተፎካካሪን ነው። ደካማ ሲያገኙ ሕግ፣ ብርቱ ሲያገኙ «ዝግ ነው»። ቱ!

እኔ ግን ከዚያች ክፍል የወጣሁት ሌላ ሴት ሆኜ ነው። ከዚያ ወዲህ ቢሮ ስገባ ወንበር እስኪሰጡኝ አልጠብቅም፤ ስቤ እቀመጣለሁ። ሽማግሌ ይዤ ከሄድኩ ደግሞ መጀመሪያ እነሱን አስቀምጣለሁ፤ ባለ ማኅተሙ ብስኩቱን በኋላ ይብላ። ሰው የሚፈራው የሚያከብረውን ነው። ንቀት መጥፎ ነው ይላሉ፤ እኔን ግን ከፍርሃት ያወጣኝ እሱ ነው። እናንተም ወረቀት ይዛችሁ ደጅ ስትጠኑ አንድ ቀን ቀና ብላችሁ የሰውየውን ፊት እዩት። ከዚያ የሚያስፈራችሁ ከሆነ ንገሩኝ።

ያን ቀን ሱቄ ተረፈች ብዬ እየዘለልኩ ነው ወደ አውቶቡስ ማቆሚያው የሸኘኋቸው። አባ ብሩ ሰብሳቢውን እየሰደቡ ይስቃሉ። አባ መርሻ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ማዶ ሜዳውን፣ የሰው እርሻ የሆነውን አረንጓዴ፣ ያያሉ። ደስ ያላቸው መስሎኝ ነበር።

«ብሩ» አሉ ቆይተው።

«አቤት።»

«እነዳልቻን አሁን ምን አበላቸዋለሁ?»

አባ ብሩ ሳቃቸው ጠፋ። የሚመጣውን አውቶቡስ አዩ፤ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ከጎናቸው ተቀመጡ።

«ለዛሬ እኔ ዘንድ ይደሩ» አሏቸው።